ወንድሜ የሸጣት ቢጫ ኮፍያ

ታናሽ እህቴ የወለደችው በሰባተኛ ወሯ ነው። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ የካልሲ ካርቶን ስደረድር ባሏ ደወለ። ድምፁን ስሰማ መርዶ ሊነግረኝ መስሎኝ ባንኮኒውን ያዝኩ።

«ሴት ናት» አለኝ። «እናቷ ደህና ናት። ሕፃኗ ግን በጣም ትንሽ ናት፤ ማሞቂያ ውስጥ አስገብተዋታል። ኮፍያና ካልሲ አምጡ እያሉን ነው።»

ኮፍያና ካልሲ ሲለኝ በጭንቄ መሐል ሳቄ መጣ። እኔና ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ውስጥ ካልሲና ኮፍያ በጅምላ ስናከፋፍል ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ከጀርባዬ እስከ ጣሪያ የተከመረው በሙሉ ካልሲ ነው። ከአራስ ልጅ ካልሲው ትንሹን ቁጥር መረጥኩ፣ ከኮፍያውም ነጭና ሮዝ ጨመርኩ፣ ፌስታል ሞላሁና ወንድሜን «ጋሼ፣ እህታችን ወልዳለች። ሐኪም ቤት ልሄድ ነው» አልኩት። በአራት ዓመት ነው የሚበልጠኝ፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ። «በሰባት ወሯ?»

«በሰባት ወሯ።»

«እንግዲህ ከተረፈች እናያታለን» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የገዛ እህቱ ልጅ ናት! ያን ጊዜ ግን ለንዴት ጊዜ አልነበረኝም፤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ሲስተሯ ፌስታሉን ተቀብላኝ ገባች። እኔ በመስታወት ነበር የማየው። የሕፃኗ እግር የእኔን አውራ ጣት አያህልም። ካልሲውን ካጠለቀችላት በኋላ ገና እጇን ሳታነሳ ወለቀ። ኮፍያውን ስታደርግላት ግንባሯን አለፈ፣ ዓይኗን አለፈ፣ አገጯ ላይ ደርሶ ቆመ። ሲስተሯ ሁለቱንም ይዛ ወጣች።

«እናቴ፣ ይሄ አይሆንም። አፍንጫዋ ላይ እየወረደ ትንፋሽ ያሳጣታል።»

«ከዚህ ያነሰ አይሠራም» አልኳት፣ ነገሩን እንደሚያውቅ ነጋዴ ኮስተር ብዬ።

«ታዲያ ለነዚህ ልጆች ማን ነው የሚሠራላቸው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ገባች።

ወደ መርካቶ ተመልሼ ያን ቀን ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ሶማሌ ተራ ያሉትን አስመጪዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። «ከአራስ የሚያንስ አላችሁ?» ስል አንዱ «ለአሻንጉሊት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም አብረውት ሳቁ። «ለሰው ነው! ለሰው ልጅ!» ብዬ ጮህኩበት። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። እዚህ ሰፈር የማይገኝ ዕቃ የለም እያልን ለአገር ሁሉ እናወራለን። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የምትመዝን ልጅ እግር የሚያሞቅ ግን ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ጠፋ። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት በራሴ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ካልሲ በደርዘን እያሰርኩ ስሸጥ፣ አንዲት ካልሲ ከየት ተጀምራ የት እንደምታልቅ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከሕፃናቱ ክፍል በር ላይ፣ እናቶች ለማጥባት እስኪጠሩ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር አለ። ጫፉ ላይ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ተቀምጣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ሹራብ ትሠራለች። በኋላ እንደነገረችኝ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ ምናለሽ ተራ የሚነግደው ባሏ ቆርጦ ጫፉን በሞረድ አሹሎላታል። እጇ ላይ ያለውን ሳየው ባለሁበት ቀረሁ። ብርቱካን ላይ ልክ የሚሆን ሰማያዊ ኮፍያ ነው።

«ከየት ገዛሽው?» አልኳት። ስትሠራው እያየሁ!

«አልገዛሁትም፣ እትዬ። መንታ ነው የወለድኩት። የወንዱን አድርሻለሁ፣ ይሄ የሴቷ ነው» አለችና ፊቴን አየችው። «የእርስዎ ስንት ኪሎ ናት?»

ነገርኳት። የመጨረሻውን ክር ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችና ኮፍያውን ዘረጋችልኝ።

«ለዛሬ እሷ ታድርገው። የእኔዋ በጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ነገ ሌላ እሠራላታለሁ።»

የእህቴ ልጅ ጭንቅላት መጀመሪያ የሞቀው በማላውቃት ሴት እጅ ነው። ያን ዕለት ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ለስላሳ የጥጥ ክር ገዝቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክር ሻጩ ጋ የነበረው ጥጥ ቢጫ ብቻ ነበር። የመንትዮቹ እናት ከቦርሳዋ ሁለት ሽቦ አውጥታ ሰጠችኝና አስጀመረችኝ። ሽቦው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ቀለበት «ዓይን» ነው የምትላት። ለኮፍያ ይህን ያህል ዓይን ይጀመራል፣ ጣት በማይሞላ ቁመት ጠርዙ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ሲሄድ ዓይን እየተቀነሰ ይጠባል። ስታወራው ቀላል ነው። እኔ ግን ከአምስት መስመር በላይ መሄድ አቃተኝ። ዓይኖቹ ከመጥበቃቸው የተነሳ ሽቦው አልገባ ይላል። በኃይል ስገፋው ክሩ ይሰነጠቃል።

«እትዬ፣ ክሩ ምን አድርጎዎት ነው?» አለችኝ።

«ምን ያደርገኛል?»

«አንቀው ይዘውታል እኮ። ላላ ያድርጉት።»

እንዴት ላላላው? ወንድሜ በየሰዓቱ እየደወለ «ደንበኛ ቆሟል፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ይለኛል። እህቴን አንድ ቀን መጥቶ አላያትም። ከአግዳሚው ማዶ ደግሞ የእኛ ልጅ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ ትተነፍሳለች። ሠርቼ ፈታሁ፣ ሠርቼ ፈታሁ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ቢጫ ኮፍያ አለቀች። አንድ ጎኗ ትንሽ ዘመም ይላል፤ ግን ኮፍያ ናት። ወስጄ ለመንትዮቹ እናት ሰጠኋት።

«የወንዱ ቅያሪ ትሁን» አልኳት። «ያንቺን ኮፍያ መመለሴ አይደለም፤ ስጦታ ነው።»

ገልብጣ ውስጡን አየችው። «ስፌቱ ውጪ ቢሆን ቆዳውን አይነካውም ነበር» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ይዛ ገባች። ልጁ ቢጫዋን ኮፍያ አድርጎ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ተኝቶ በመስታወት አየሁት።

ካልሲውን ያስተማረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ካልሲ በአራት ሽቦ ነው የሚሠራው፤ ተረከዙ ጋ ሲደረስ መስመሩ መሐል ላይ ይቆምና ተመልሶ ይሄዳል፤ ያቺ መመለስ ናት ተረከዙን የምታጎብጠው። ሃያ ዓመት በእጄ ያለፈውን ተረከዝ ሁሉ አሰብኩ። እኔ ገልብጬ የማየው ዋጋ የተለጠፈበትን በኩል ነበር።

ሱቅ ውስጥም ሰው ሲቀንስ መሥራት ጀመርኩ። ወንድሜ አየኝና ፊቱ ጠቆረ።

«ካልሲ የሞላበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ ካልሲ ትሠሪያለሽ? ደንበኛ ሲያይ ምን ይላል? የራሳቸውን ዕቃ ራሳቸው አያምኑትም አይል?»

«ይሄ የሚሆናቸው ልጆች ስላሉ ነው።»

«እነሱ ልጆች አድገው የሱቁን ያደርጋሉ።»

መሥራቴን ቀጠልኩ። እስከዚያ ድረስ ዝም ማለት እችል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመንትዮቹ እናት ወንድ ልጅ ሞተ። ጠዋት ስደርስ አግዳሚው ባዶ ነበር፤ ሲስተሯ ነች የነገረችኝ። በዚያው ቀን ቀበሩት። ለወንድሜ «ለቅሶ ልደርስ ነው» ስለው «ለማታውቂያቸው ሰዎች?» አለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሴቷ መንታ ገና ከሐኪም ቤት ስላልወጣች እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሹራብ አልያዘችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ነበረች። ሴቷ ክብደት ሞልታ የወጣች ዕለት እናቷ ወደ እኔ መጣችና ቢጫዋን ኮፍያ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አጥቤያታለሁ። እኔ ጋ ከሆነች ሳያት ልውል ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ለሚቀጥለው ልጅ ይስጡልኝ።»

«እሰጣለሁ» አልኳት።

አልሰጠሁም። በየአርቡ የሠራሁትን ኮፍያና ካልሲ ይዤ ወደ ሕፃናቱ ክፍል እሄዳለሁ፤ ቢጫዋን ግን ከፌስታሉ ሥር አድርጌ ይዣት እመለሳለሁ። የሞተ ልጅ ኮፍያ ናት ብዬ ነው? ሳስረክብ እጄ ይታሰራል። ማክበሬ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ እህቴን ለምርመራ አድርሼ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ከባንኮኒው ሥር ያስቀመጥኩት ፌስታል የለም። አሥር ኮፍያ ነበረው፣ ቢጫዋን ጨምሮ።

«ጋሼ፣ እዚህ የነበረው ፌስታል የት ሄደ?»

«የቱ? አ፣ ያ የልጆቹ! ሐጂው መጥተው አዩት፣ ወደዱት። ሰጠኋቸው።» ሐጂው ሶማሌ ተራ የልጆች ልብስ የሚያከፋፍሉ፣ ከእኛም ዕቃ የሚወስዱ ሽማግሌ ናቸው።

«ሰጠኋቸው ማለት?»

«ሸጥኩላቸው ነዋ! የእጅ ሥራ አሁን ይፈለጋል አሉ። እንዲያውም አምስት ደርዘን ታደርሳለች ብያቸዋለሁ። በርቺ!» አለኝና እንደ መመረቅ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁትን ድምፅ እኔም አላውቀውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ማለቱን ትቼ በስሙ ጠራሁት።

«የሞተ ልጅ ኮፍያ ነው የሸጥከው! ሰምተሃል? የሞተ ልጅ!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ዕቃቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ወንድሜ ፊቱ ቀላ።

«እኔ ምን አውቄ? አልተጻፈበት!»

«መቼ ጠየቅከኝ? የእህትህን ልጅስ መቼ ጠየቅክ? ከተረፈች አይደል ያልከው? ተርፋለች! ሰባት ሳምንት ሆናት፣ አንድ ቀን ሄደህ በመስታወት አላየሃትም!»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«ተዋረድ!»

የሱቁን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ወደ ሶማሌ ተራ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ተሸካሚዎች «ጎን! ጎን!» እያሉ ሲጮሁብኝ ጎን አላልኩም፤ አንዱ የጫነው ማዳበሪያ ትከሻዬን ገጭቶኝ አለፈ። የሐጂው ሱቅ በር ላይ ስደርስ አየኋት። ለአላፊ አግዳሚው እንድትታይ ከበሩ መቃን ላይ በምስማር ተቸንክራለች። ምስማሩ መሐሏን በስቷታል።

«ሐጂ» አልኩ፣ በጣቴ እያሳየኋት።

«ምነው ልጄ? ምን ሆነሻል? ወንበር ስጧት!»

ቆሜ ነገርኳቸው። የመንትዮቹን እናት፣ ልጁን፣ ወንድሜ ሳይጠይቀኝ መሸጡን፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ሐጂው እስክጨርስ አላቋረጡኝም። መርዶ እንደሰማ ሙስሊም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ሠራተኞቻቸውን አላዘዙም፤ በርጩማ ስበው ራሳቸው ወጡና ምስማሩን ነቅለው አወረዷት። የቀሩትንም ከመደርደሪያው ሰበሰቡልኝ።

«አንዷ ነጭ ሄዳለች፤ ጠዋት አንዲት ሴት ወሰደቻት። ይቅር በይኝ። ስለ ገንዘቡ ከወንድምሽ ጋር እንነጋገራለን፤ አንቺ አታስቢ። ባውቅ ኖሮ በእጄም አልነካው» አሉኝ።

እኒህ የማይዛመዱኝ ሰው ይቅርታ ጠየቁኝ። ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

ውጪ ቆሜ ኮፍያዋን ሳያት ምስማሩ አንዷን ዓይን በጥሷታል። ከበጠሳት ቦታ ወደ ታች መተርተር ጀምራለች። እንዴት እንደሚጠገን አላውቅም፤ ጀምሮ መጨረስ እንጂ የተበጠሰ ማንሳት አልተማርኩም። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሳልሄድ ልቀር አሰብኩ። ፈትቼ እንደ አዲስ ልሥራት አልኩ። ግን ያ ውሸት ሆነብኝ።

የመንትዮቹ እናት የምትኖረው መሳለሚያ አካባቢ፣ ከጋራዥ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ሴት ልጇን ደረቷ ላይ አስራ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች። ስታየኝ ደስ አላት። ኮፍያዋን ሳወጣ ደስታው ጠፋ።

ነገርኳት። ወንድሜን እየረገምኩ ነው የነገርኳት። አልቅሳ አብራኝ ትረግመዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ወንድምዎን አላውቃቸውም» አለችኝ። «እኔ የማውቀው እርስዎን ነው። ለሚቀጥለው ልጅ ይስጡልኝ ብዬዎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ገባ?»

«ብዙ።»

«ታዲያ?»

ኮፍያዋን እጄ ውስጥ አጣጠፍኳት።

«አንድ ጭንቅላት ላይ ብትሆን ኖሮ ማን ይሸጣት ነበር? እኔ ከደረቴ አውጥቼ የሰጠሁዎት ተደብቃ እንድትቀመጥ ነው?» ድምጿ አልጮኸም። ጮሃ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ያደረጋት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያሳለፈችው ጊዜ በሙሉ ባክኗል።»

እጇን ዘረጋች፤ ኮፍያዋን ሰጠኋት። ቀጭን መርፌ አምጥታ የተተረተረውን አንድ በአንድ ከታች እየለቀመች አነሳች፣ የተበጠሰችውን በሌላ ክር አያይዛ በውስጥ በኩል ቋጠረች። እኔን ሳታየኝ «እንዲህ ነው የሚያዘው። ይዩትና ይልመዱት» አለች። ተናዳብኝም ታስተምረኛለች። ጨርሳ ሰጠችኝና ልጇን ማባበል ጀመረች። እስከ በሩ አልሸኘችኝም። እንግዳ ሳይሸኝ ከወጣ ቂም እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አርብን አልጠበቅኩም። በማግስቱ ጠዋት በር ሲከፈት ቀድሜ ደረስኩ። ሌሊት ከገጠር መጥታ አውቶቡስ ተራ እንደወረደች ምጥ የያዛት ሴት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ከነጠላዋ በቀር የያዘችው ነገር አልነበረም። ሲስተሯ ቢጫዋን ኮፍያ ወስዳ ለልጁ አደረገችለት። ልክ ነበረች። እጄ ባዶ ሲሆን ደጅ ወጥቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። በወንድሜ፣ በራሴ፣ ለሁሉ ዋጋ ለጥፎ ለነዚህ ልጆች መሥራት በረሳ ገበያ።

ወር ሙሉ ሱቅ አልሄድኩም። የእህቴ ልጅ ሁለት ኪሎ አልፋ ወጣች። ክርስትናዋ ዕለት ወንድሜ መጣ፤ ቤቱ ሙሉ ዘመድ ነበረ። እህቴ ልጇን አንስታ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅ አያያዙ ጠፍቶበት ትከሻውን ሰብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ለረጅም ጊዜ አያት። አንድ ቃል ይላል ብዬ ጠበቅኩ። «እናቷን ትመስላለች» አለና መለሳት። ሲወጣ በር ላይ ደረሰብኝ።

«ነገ ሱቅ ትመጪያለሽ?»

«ሌላ የምትለው የለህም?»

ጫማውን አየ። «ብዙ ሥራ አለ» አለኝ።

ሄድኩ፤ የሱቁ ግማሽ የእኔ ነው፣ ለምን እተውለታለሁ? ግን አሁን ጋሼ አልለውም። እሱም እንዳስተዋለው አውቃለሁ፤ ስሙን በጠራሁ ቁጥር ትንሽ ይደነግጣል። ሐጂው ስለዚያ ስለ አምስቱ ደርዘን አንድም ቀን አላነሱም። ከመንትዮቹ እናት ጋር ሁለት ወር ያህል አልተገናኘንም ነበር፤ ከዚያ አንድ አርብ ልጇን አዝላ ወደ ሕፃናቱ ክፍል መጣችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የምሠራውን ካልሲ ከእጄ ወስዳ አየችው፣ «ተረከዙ ጠማማ ነው» አለች፣ ግማሹን ፈትታ መለሰችልኝ። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

በወንድሜ ያለኝ ንዴት አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንኩም። አርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ደንበኛ ቢቆምም ባይቆምም፣ ክርና ሽቦዬን ይዤ እነሳለሁ። ድሮ «የት ነው?» ይለኝ ነበር። አሁን ከባንኮኒው ዘወር ብሎ ያሳልፈኛል።